«የ72 ሰዓት ቦርሳ» ገዝቼ ሞከርኩት

የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ገዛሁ። በኢንተርኔት ከሚሸጡት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያዝዘውን ነው የመረጥኩት። ካርቶኑ ላይ «ለሁለት ሰው፣ ለ72 ሰዓት» የሚል ተጽፎበታል። የሻጩን ስም አልጠቅስም። ተመሳሳይ ቦርሳ በተለያየ ስም ይሸጣል፤ ውስጡ ያለው ዕቃም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ዕቃው ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱ ኮከቦች የሬዲዮው ናቸው። አንዱን የእጅ ባትሪውና ፊሽካው ይካፈሉት። ውሃው በጭራሽ አይበቃም። የመጀመሪያ እርዳታው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ጉድለት አለ።

መጀመሪያ በምን እንደመዘንኩት ልንገራችሁ። ማስታወቂያው ላይ የፈረሰ ሕንፃ፣ ጭስና የሚሮጥ ሰው አለ። ቦርሳው የወታደር ልብስ ቀለም አለው። ያየው ሰው ከቦምብ የሚከላከል ነገር የገዛ ይመስለዋል። ቦርሳ ከቦምብ አያድንም። ከቦምብ የሚያድነው መጠለያ ነው፣ ወፍራም ግድግዳ ነው፣ ከቦታው ቶሎ መራቅ ነው። ዩክሬናውያን «የሁለት ግድግዳ ሕግ» የሚሉት አላቸው። መጠለያ መድረስ ካልቻላችሁ ከመስኮት ርቃችሁ በእናንተና በውጭው መካከል ሁለት ግድግዳ እንዲኖር አድርጉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ የፍንዳታውን ጉልበት ይቀበላል፤ ሁለተኛው ፍንጥርጣሪውን ያስቀራል። ለብዙ ሰው ይህ ቦታ ኮሪደሩ ወይም መታጠቢያ ቤቱ ነው። ይህን ለማወቅ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ዛሬውኑ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት።

ቦርሳው የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ጦርነት ሲነሳ ከግንባር ርቆ ያለው ሰው ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እጦቱ ነው። መብራት ይጠፋል። ከዚያ ውሃ ይቋረጣል፤ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በመብራት ነውና። ከዚያ ኔትወርክ ይሄዳል፤ የስልክ ማማዎች መጠባበቂያ ባትሪ ብዙ ጊዜ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይቆይም። የባንክ ካርድ አይሠራም። ፋርማሲ ይዘጋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምን እየሆነ እንዳለ የሚነግራችሁ መጥፋቱ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ወሬ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ሳወጣ ራሴን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። መብራት፣ ውሃና ኔትወርክ በሌለበት ቤት እናቴንና ልጆቼን ይዤ ብቀመጥ፣ ይሄ ምን ይሠራልኛል?

ባለቤቴ ካርቶኑን ሲያይ «ጦርነት ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ ማለት ነው?» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ክፉ አታውሪ ልጄ፣ ሲያወሩት ይመጣል» አለች። ሥራ ቦታም የምሰማው ከዚህ ብዙ አይለይም። ግማሹ «አይመጣም» ይላል። ግማሹ «ከመጣም የሚያድነን የለም» ይላል። ሁለቱ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ማታ ግን ሁለቱም የሚገቡት አንድ ጀሪካን ውሃ ወደሌለበት ቤት ነው።

«አይመጣም» የሚለውን ሰው አልወቅሰውም። ትናንት የነበረው ዛሬም ይቀጥላል ብሎ ማሰብ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዘለንስኪ ራሳቸው የምዕራብ አገር መሪዎች ስለ ጦርነቱ ስጋት ሲናገሩ ድንጋጤ እንዳይፈጥሩ ጠይቀው ነበር። ወረራው የተጀመረው ፌብሩዋሪ 24 ነው። አገር የሚመራ ሰው ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ማሰቡ ይገባኛል። ድንጋጤም ጉዳት አለው። ግን ድንጋጤን የሚቀንሰው ዝምታ ነው ብዬ አላምንም። ሰው የሚረጋጋው የሚሠራው ነገር ሲሰጡት ነው።

«የሚያድነን የለም» የሚለው አነጋገር ግን ያናድደኛል። ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያስቡት ስለ አንድ ትልቅ ቦምብና ስለ አንድ ቅጽበት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ጠዋት በሃዋይ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ባሊስቲክ ሚሳይል እየመጣ ነው፣ ልምምድ አይደለም የሚል መልእክት ደረሰው። የተሳሳተ መልእክት ነበር። ይህ በስልካቸው እስኪነገራቸው 38 ደቂቃ አለፈ። ያን ያህል ጊዜ «መጨረሻችን ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ የት እንደሚገባ ጨንቆት የሮጠም ነበር። እኔ ስለዚያ ጠዋት ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሚሳይሉ አይደለም። 38 ደቂቃ ሙሉ እውነቱን በስልካቸው የሚነግራቸው ማጣታቸውን ነው።

ነገሩን አረጋግተው የያዙ አገሮች አሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2018 ቀውስ ወይም ጦርነት ቢመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚያስረዳ ቡክሌት ለ4.8 ሚሊዮን ቤተሰቦች በፖስታ ላከች። በ2024 ኖቬምበር አሻሽላ ደግማ ላከችው። እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ሳምንት ራሱን ይቻል ትላለች። ፊንላንድ ቢያንስ 72 ሰዓት ትላለች። በ2025 ማርች የአውሮፓ ኅብረትም 72 ሰዓት የሚለውን ለአባል አገሮቹ ሁሉ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ የኅብረቱ ኮሚሽነር ሃጃ ላቢብ የራሳቸውን ቦርሳ ከፍተው ዕቃ እያወጡ የሚያሳዩበት ቪዲዮ ወጣ። ፈገግታ የበዛበት ስለነበር ብዙ ሰው አልወደደውም። እኔም ስለ ጦርነት ሲወራ እንደዚያ ባይሆን እመርጣለሁ። ከቦርሳው የወጣው ዕቃ ግን ትክክለኛው ዕቃ ነበር። ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ ጥሬ ገንዘብ፣ መጫወቻ ካርታ፣ ትንሽ ሬዲዮ።

ሬዲዮው ላይ ልቆይ። የቦርሳው ልብ እሱ ነው።

ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል። በሦስት መንገድ ኃይል ያገኛል። በዩኤስቢ ይሞላል፤ ጀርባው ላይ ትንሽ ሶላር አለው፤ ጎኑ ላይ የሚዞር እጀታ አለው። ኤፍኤምና ኤኤም ይይዛል። አጭር ሞገድ የለውም፤ ይህ ጉድለት ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ዝም ቢሉ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ የሚይዘው አጭር ሞገድ ነው። ትንሽ ጨምራችሁ አጭር ሞገድ ያለውን ብትገዙ ይሻላል።

ማታ ላይ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፍተን፣ ስልኮቹን ዘግተን ሞከርነው። አንድ ደቂቃ ያህል እጀታውን አዙረን አጭሩን ዜና በደንብ ሰማን። ሲደክም እንደገና ማዞር ነው። እናቴ እጇን ስለሚያማት አልቻለችም፤ ልጆቹ ግን ሊሻሙበት ደረሱ። ድምፁ ለአንድ ክፍል ይበቃል። አንቴናው ቀጭን ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ የሚሰበር ይመስለኛል።

ስለ ሞገዶቹ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ኤፍኤም ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ሩቅ አይሄድም፣ ተራራና ትልቅ ሕንፃ ይጋርደዋል። ኤኤም ቀን ላይ ይንጫጫል፤ ማታ ግን ሞገዱ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ በጣም ሩቅ ይደርሳል። ቀን ያልያዘው ጣቢያ ማታ ሊይዝ ስለሚችል ተስፋ ቆርጣችሁ አትዝጉት። የአካባቢያችሁን ጣቢያዎች ቁጥር አሁኑኑ ፈልጉና በወረቀት ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ። ጨለማ ውስጥ ያን ቁጥር ከኢንተርኔት መፈለግ አይቻልም። ትልቋ ልጄ ይህን ሥራ ወስዳ በማይለቅ ቀለም ጻፈችው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። «ስልክዎን በእጅ እያዞሩ ይሙሉ» ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። በእንዲህ ያለ ትንሽ እጀታ እጅ የሚያመነጨው 3 ዋት ገደማ ነው። የዘመኑ ስልክ ባትሪ 15 ዋት-ሰዓትና ከዚያም በላይ ይይዛል። ምንም ሳይባክን እንኳ አምስት ሰዓት ያለ እረፍት ማዞር አለባችሁ። ይህን የሚችል ክንድ የለም። ለአንድ አስቸኳይ ጥሪ የሚሆን ትንሽ ነፍስ መዝራት ይቻል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ሶላሯም ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ውላ ሬዲዮውን ታሰነብታለች እንጂ ስልክ አትሞላም። ስለዚህ ለብቻው ፓወር ባንክ ግዙ። 20,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሚለው ስልክን ሦስት ጊዜ ገደማ ይሞላል። በየሁለት ሦስት ወሩ እያወጣችሁ ሙሉት፤ ተረስቶ ባዶ የሆነ ፓወር ባንክ ድንጋይ ነው።

ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል የሚል ካለ የስፔንንና የፖርቱጋልን ቀን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 በሁለቱም አገሮች መብራት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጦርነት አልነበረም። ግን ኔትወርኩ ተዳከመ፣ ባቡሮች ቆሙ፣ የካርድ ክፍያ ተቋረጠ። ሰው በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሮጠ፤ ብዙ ቦታም አለቀ። መንገድ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሬዲዮ ከበው ዜና ይሰሙ ነበር። የሳይበር ጥቃት ነው የሚል ወሬም ያን ቀን በሰፊው ተወርቷል። ወሬውንና ዜናውን መለየት የሚቻለው የታወቀ ድምፅ ሲሰማ ነው።

ስዊድኖች ቡክሌታቸው ላይ በግልጽ ያስቀመጡት ዓረፍተ ነገር አለ። አገርን መከላከል ይቁም የሚል ማንኛውም መረጃ ሐሰት ነው ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ነው ሬዲዮ ለምን ከውሃ ጎን እንደሚቀመጥ የገባኝ። በጦርነት ጊዜ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው፣ ወደ ተሳሳተ መንገድ የሚመራው፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጨው ብዙ ጊዜ የውሸት ወሬ ነው። በየቤቱ አንድ ሬዲዮ ቢኖር ይህ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሁለት ኮከብ የሰጠሁት።

የእጅ ባትሪው ጥሩ ነው። ግን አንድ ነው የመጣው፤ ለሁለት ሰው የተባለ ቦርሳ ሁለት ሊኖረው ይገባ ነበር። ራስ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ለብቻው ብትገዙ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ሕፃን ለያዘ ወይም አቅመ ደካማ ለሚደግፍ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፊሽካው ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁ ግን ሩቅ ይሰማል። ፍርስራሽ ስር ያለ ሰው ሲጮህ ቶሎ ይደክመዋል፣ አቧራም ይውጣል፤ ፊሽካ ግን ትንሽ ትንፋሽ ይበቃዋል። ሦስት ጊዜ መንፋት «እርዱኝ» ማለት ነው። ለልጆቹ አንዳንድ ገዝቼ የትምህርት ቤት ቦርሳቸው ላይ አንጠልጥዬላቸዋለሁ።

ውሃው። ቦርሳው ውስጥ 12 ትንንሽ የውሃ ከረጢቶች አሉ፤ እያንዳንዱ 125 ሚሊ ሊትር ነው። ተደምሮ አንድ ሊትር ተኩል። ስዊድኖቹ ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ያዙ ይላሉ። ለሁለት ሰው ለሦስት ቀን 18 ሊትር ማለት ነው። ከ18 ሊትር አንድ ሊትር ተኩል አስቀምጦ «ለ72 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ሰውን ማታለል ነው። ካርቶኑን ያነበበ ሰው ተዘጋጅቻለሁ ብሎ ይተኛል። 18 ሊትር 18 ኪሎ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ። እንግዲያው ካርቶኑ ላይ «ውሃ ለብቻው ቤትዎ ያስቀምጡ» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ስለዚህ ጀሪካን። ንጹሕ፣ ምግብ ነክ ነገር የሚያዝበት፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም። ከዚህ በፊት ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትን አትጠቀሙ። ትልቅ አንድ ከመግዛት 10 ሊትር የሚይዙ ትንንሾችን መግዛት ይሻላል፤ እናንተ ባትኖሩ እናታችሁም ሊያነሱት ይችላሉ። የምትጠራጠሩትን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ማፍላት ካልተቻለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይሠራል። ከ5 እስከ 9 በመቶ የሚለው ከሆነ ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና የጠብታውን ቁጥር እጥፍ አድርጉት። ቦርሳው ውስጥ የክሎሪን እንክብሎችም አሉ፤ ጠቃሚ ናቸው። ክሎሪን የማይገድላቸው ተውሳኮች ስላሉ ግን ማገዶ ወይም ጋዝ ካለ ማፍላቱ ይበልጣል።

ምግብ ተብለው የገቡት ደረቅ ብስኩቶች ይበላሉ፤ ሌላ የምለው የለኝም። ለሦስት ቀን ሰውን የሚያሰጋው ረሃብ አይደለም።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ግን አስቆጥቶኛል። የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ስለወሰድኩ ሳጥኑን የከፈትኩት በጉጉት ነበር። ፕላስተር ሞልቶበታል። ፋሻው ቀጭን ነው። ጓንት የለም። ከሥሩ ደግሞ «ቱርኒኬት» (ብዙ የሚፈስ ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚታሰር ማሰሪያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ቀጭን ጎማ አለ። ደም ሲቀዳ ክንድ ላይ የምትታሰረዋ ዓይነት ጎማ።

ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ ላስረዳ። በጦርነት ጊዜ ሊድን ሲችል ከሚሞተው ሰው ብዙው የሚሞተው ደም ፈሶት ነው፤ ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰውን ደግሞ ቱርኒኬት ሊያቆመው ይችላል። ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ቀጭን ጎማ ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ሥሮች ይዘጋና ከልብ የሚያመጡትን ሳይዘጋ ይቀራል። ያን ጊዜ ደሙ ይብሳል። እውነተኛው ቱርኒኬት ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚጠመዘዝ ዱላ አለው፤ ዱላው ተመልሶ እንዳይፈታ የሚይዝ መቆለፊያ አለው። ገበያ ላይ ዱላው በመጀመሪያ ጥምዘዛ የሚሰበር አስመስለው የሠሩትም አለ። ስለዚህ ለሕክምና ተቋማት ከሚያቀርቡ የታወቁ ሻጮች ግዙ፤ ርካሹን አትምረጡ።

አጠቃቀሙም ይታወቅ። መጀመሪያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። አብዛኛው ደም በዚህ ይቆማል። ካልቆመ ቱርኒኬቱን ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም። ደሙ እስኪቆም ድረስ ዱላውን ጠምዝዙት። ያማል፤ ታካሚው ይጮኻል፤ አትፍቱት። ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉና ሐኪም እስኪያገኝ አትንኩት። ይህን በጽሑፍ ማንበብ አይበቃም። አካባቢያችሁ ስልጠና የሚሰጥ ካለ ሂዱና በእጃችሁ ሞክሩት።

የሚያብረቀርቀው ቀጭን ብርድ ልብስ የሰውነትን ሙቀት መልሶ ያንጸባርቃል፤ ሥራውን ይሠራል። መሬት ላይ ከተኙ ግን ከስር የሚመጣውን ብርድ አይከላከልም፤ ካርቶን ወይም ወፍራም ጨርቅ ከሥር ይነጠፍ። ኮምፓሱ፣ ገመዱና ቢላዋው ለማስታወቂያው ፎቶ የገቡ ናቸው። ሻማውን አወጣሁት። መብራት በጠፋበት፣ ልጅ ባለበት፣ ሰው በደከመበት ቤት ሻማ እሳት ማስነሻ ነው። በዚሁ ላይ፣ ብርድ ቢበረታ ከሰል ወደ ቤት አስገብታችሁ አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ይገድላል።

ትልቁ ቅሬታዬ ሳጥኑ ውስጥ ስላለው አይደለም፤ ስለሌለው ነው። ቦርሳውን ያዘጋጀው ሰው ያሰበው አንድ ጤነኛ፣ ልጅ የሌለው ወጣት ወንድ ነው። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት የሚቀመጥበት ቦታ የለም። መነጽር የለም። የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስ የለም። የሕፃን ዳይፐር የለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በምን እንደሚያቀዘቅዝ የሚል አንድ መስመር የለም። ጦርነት ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚቀሩትና የሚሸሹት ባብዛኛው ሴቶች፣ ልጆችና አረጋውያን ናቸው። ለእነሱ ያልታሰበ ቦርሳ ለጦርነት ተዘጋጅቷል ማለት ይከብዳል። ማንጠልጠያው እንኳ ትከሻ ይቆርጣል።

ስለዚህ ኮምፓሱንና ገመዱን አውጥቼ የጎደለውን ሞላሁ። የእናቴን መድኃኒት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ለተጨማሪ ጊዜ የሚሆን ያዝን፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጻፍነው። የመታወቂያና የልደት ወረቀቶች ቅጂ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ገባ። በትንንሽ ኖት የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ ገባ። ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ተጻፉ፤ የባለቤቴን ቁጥር በቃሌ የማላውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚያ ተቀምጠን ተነጋገርን። ኔትወርክ ሲጠፋ እኔ ሥራ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ብንሆን ማን ማንን ያመጣል? ቤት መግባት ካልተቻለስ የት እንገናኝ? ይህ ንግግር ካርቶኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ በላይ ጠቅሞናል። ቦርሳው ባይመጣ ምናልባት አንነጋገርም ነበር፤ ይህንንም ለቦርሳው እቆጥርለታለሁ።

ትንሹ ልጄ «ጦርነት ሊመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ቢመጣ ግን የምናደርገውን እናውቃለን አልኩት። ልጆች ሁሉን ነገር ከስልክ እያዩ ነው የሚውሉት፤ ከእነሱ መደበቅ አይቻልም። ሥራ ሲሰጣቸው ግን ይረጋጋሉ። የእሱ ሥራ የእጅ ባትሪው ነው። የእህቱ ሬዲዮው ነው። እናቴ እንኳ «አታውሪ» ያለችው ቀርቶ የጀሪካኖቹን ውሃ የምትቀይረው እሷ ሆናለች።

ማን ይግዛው? ብቻውን የሚኖር፣ ጊዜ የሌለው፣ ዕቃ አንድ በአንድ ፈልጎ በጭራሽ የማያሰባስብ ሰው ከሆናችሁ ግዙት። ከምንም ይሻላል። ውሃውን ግን ለብቻ አዘጋጁ፤ ጎማውን አውጥታችሁ ጣሉት። ቤተሰብ ካላችሁ ካርቶኑን ተዉት። ጥሩ ሬዲዮ፣ ፓወር ባንክ፣ የራስ ባትሪ፣ ጀሪካንና እውነተኛ ቱርኒኬት ለየብቻ ግዙ፤ ቤት ውስጥ ባለ ማንኛውም ጠንካራ ቦርሳ ክተቱት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተቻለ በጀሪካኑ ጀምሩ፣ ሬዲዮውን አስከትሉ።

ስለ ጎማው ለሻጩ ጽፌለታለሁ። «ቱርኒኬት» የሚለውን ስም ከላዩ እንዲያነሳ፣ ለገዙትም ሰዎች እንዲያሳውቅ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን የመጣልኝ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» የሚል መልስ ነው። ጎማውን ከቀየሩት እዚሁ እጽፋለሁ፤ ኮከቡንም 4 አደርገዋለሁ።